ከፈንጂው በፊት 90 ቀን ስጡን፦ ለክላርክ ካውንቲ ኮሚሽነሮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ክላርክ ካውንቲ የኮሚሽነሮች ምክር ቤት
ላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ

ግልባጭ፦ ለኒዮን ሙዚየም (የድሮ የመብራት ሰሌዳዎች ሙዚየም)፣ በላስ ቬጋስ የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ (ዩኤንኤልቪ) ቤተ መጻሕፍት ለልዩ ስብስቦች ክፍል፣ እንዲሁም በላስ ቬጋስ ለምትኖሩ ወገኖቻችን

ጉዳዩ፦ ሆቴሎችና ካዚኖዎች ከመፍረሳቸው በፊት ሊወጣ፣ ሊመዘገብና ሊቀመጥ የሚገባውን ይመለከታል

ክቡራትና ክቡራን ኮሚሽነሮች፣

ትሮፒካና ሆቴልና ካዚኖ ኤፕሪል 2 ቀን 2024 በሩን ዘጋ። ኦክቶበር 9 ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱ ሕንጻዎቹ በ22 ሰከንድ ውስጥ ወደ ፍርስራሽ ክምርነት ተለወጡ። ሰማዩ ላይ ድሮኖች ተደርድረው ነበር፤ ርችትም ተተኮሰ። ከ1957 ጀምሮ የኖረ ቤት በተዘጋ በስድስት ወር ከሳምንት ጠፋ። በቦታው የሚሠራው የቤዝቦል ስታዲየም የሚከፈተው በ2028 ነው ተብሎ ታቅዷል። (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን የምንጽፍላችሁ በዚህች ከተማ ሆቴሎች ክፍል የምናጸዳ፣ ካርታ የምናድል፣ ታክሲ የምንነዳ፣ መብራትና የማስታወቂያ ሰሌዳ የምንጠግን ኢትዮጵያውያን ነን። ወደ እናንተ የመጣነው ስትሪፕ የሚባለው ጎዳና አብዛኛው ክፍሉ ከላስ ቬጋስ ከተማ አስተዳደር ክልል ውጭ፣ በካውንቲው ሥር ስለሚገኝ ነው። የማፍረሻ ፈቃዱ በእናንተ እጅ ነው። ለከተማው ማዘጋጃ ቤት ብንጮህ ጩኸታችን ከፍሪሞንት ጎዳና አያልፍም።

ጥያቄያችን አንድ ነው። ዕድሜው 30 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሆቴል ወይም ካዚኖ እንዲፈርስ ፈቃድ ሲጠየቅ፣ ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት 90 ቀን ለማውጣትና ለመመዝገብ ይከለል፤ ሥራውም በፈቃዱ ላይ እንደ ግዴታ ይጻፍ። 30 ዓመት ያልነው ሚራዥ ሆቴልን አስበን ነው። በ1989 ተከፍቶ በ2024 ሲዘጋ 35 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር፤ ደጁ ላይ የነበረውን ሰው ሠራሽ እሳተ ገሞራ ለማየት ግን የአንድ ትውልድ ሕዝብ እግረኛ መንገዱ ላይ ቆሟል።

በከተማችን ስለ አሮጌ ሆቴል ሲነሳ ሰው ወዲያው በሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን ድሮ ቀረ ይላል፤ ሁሉም ሰው በስም የሚታወቅበትን፣ ምግቡ ርካሽ የነበረበትን፣ ስሎት ማሽኑ ሳንቲም የሚያንሿሿበትን ጊዜ ያነሳል። ሌላው ወገን ደግሞ ቬጋስ የምትኖረው በመታደስ ነው፣ ካልታደሰች ማን ይመጣል ይላል። ይህኛው ወገን የያዘው እውነት አለ። ዱንስ በ1993 ባይፈርስ ቤላጂዮ በ1998 አይከፈትም ነበር። ሳንድስ በ1996 ወድቆ በ1999 ቬኒሺያን ተተካ። በእነዚህ አዳዲስ ሆቴሎች እንጀራ የምንበላ ብዙዎች ነን፤ አዲስ በር ሲከፈት አዲስ ሥራ እንደሚከፈት ማንም ሊነግረን አያስፈልግም።

የትዝታው ወገንም ቢሆን ትዝታው ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ይህች ከተማ በ1990ዎቹ የራሷን ታሪክ በፈንጂ እያወረደች የሌሎችን ትዝታ በጂብሰምና በቀለም ሠርታ ሸጣለች፤ ሉክሶር በ1993፣ ኒው ዮርክ ኒው ዮርክ በ1997፣ ፓሪስ በ1999። ብዙም ሳይቆይ ያንኑም ሰለቸች። የሉክሶር የውስጥ ግብፅነት እየተላጠ ሄደ፤ የትሬዠር አይላንድ ሆቴል የባሕር ወንበዴዎች ትርኢት በ2013 ቆመ። ስለዚህ ማንኛውም አሮጌ ነገር ይቀመጥ የሚል አቋም የለንም። ይፍረስ፤ ግን አወራረዱ ሥርዓት ይኑረው።

ሥርዓት እንዳይኖረው የሚያደርገው ጥድፊያው ነው። ጥድፊያው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያት የለውም። ስታርደስት ኖቬምበር 1 ቀን 2006 ተዘግቶ ማርች 13 ቀን 2007 ወደቀ፤ አራት ወር ተኩል እንኳ አልሞላም። በቦታው የተጀመረው ኢሽሎን ፕሌስ የተባለ ግንባታ ኦገስት 2008 ላይ ቆመ። ሪዞርትስ ወርልድ እዚያ የተከፈተው በ2021 ነው። ኒው ፍሮንቲየር ጁላይ 2007 ተዘጋ፣ ኖቬምበር 13 በዚያው ዓመት ፈረሰ፤ መሬቱ እስካሁን ሆቴል አላየም። የቀድሞው ተንደርበርድ፣ በኋላ ኤል ራንቾ የተባለው፣ በ2000 ፈነዳ። ፎንተንብሎ በዚያ ቦታ የመጀመሪያ እንግዳውን የተቀበለው ዲሴምበር 2023 ሲሆን በመካከሉ ያላለቀው ሕንጻ ለዓመታት ያለ ሥራ ተገትሮ ነበር። ስታርደስት ሦስት ወር ቢጨመርለት ማን ይጎዳ ነበር? መሬቱ ከዚያ በኋላ 14 ዓመት ጠብቋል።

የ90 ቀን መዘግየት ማለት የግል ንብረት መንጠቅ አይደለም። ቦስተን ከ1990ዎቹ ጀምሮ ታሪካዊ ለሆኑ ሕንጻዎች የ90 ቀን የማፍረስ ማቆያ አላት። ቺካጎም በ2003 ተመሳሳዩን ደንግጋለች። በአንጻሩ ብሔራዊው የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ብቻውን ምንም አያስጥልም። ሙላን ሩዥ የተባለው ሆቴልና ካዚኖ በ1992 በመዝገቡ ሰፍሮ ነበር፤ በ2003 ተቃጠለ፣ በ2009 እንደገና ተቃጠለ፣ ቀሪው ፍርስራሽ በ2010 ተጠረገ። መዝገቡ የግል ባለንብረት በራሱ ገንዘብ እንዳያፈርስ አይከለክልም፣ የእሳት ጠባቂም አያቆምም። መዝገቡ ላይ ስም ማስፈርን እንደ መዳን የሚቆጥሩ ወዳጆቻችን ይህን ልብ ቢሉልን ደስ ይለናል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

አንድ ሆቴል ሲዘጋ ቅደም ተከተሉ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። መዘጋቱ ይነገራል፤ እንግዳ ይወጣል፤ የቁማር ዕቃው በኔቫዳ የቁማር ተቆጣጣሪ ደንብ መሠረት ተቆጥሮ ይወጣል፤ ከዚያ የዕቃ ሽያጭ ይደረጋል። ቀጥሎ አስቤስቶስ (ለጤና አደገኛ የሆነ የድሮ የግንባታ ቁሳቁስ) አስወጋጆች ይገባሉ፤ ግድግዳና ጣሪያ ይላጣል፤ ዓምዶቹ ተሰርስረው ፈንጂ ይጠቀጠቅባቸዋል። የሚጠፋው ነገር የሚጠፋው ፈንጂው ሲፈነዳ ይመስለናል። አብዛኛው ግን ያለቀለት ከሁለት ወር በፊት፣ በሽያጩና በአስቤስቶሱ መካከል ነው። በሽያጩ ወቅት አልጋና ቴሌቪዥን ገዢ አለው፤ የወለል ፕላን፣ የሠራተኞች ጋዜጣ፣ የወጥ ቤት መዝገብ፣ የደንብ ልብስ ንድፍ ገዢ የለውም። አስቤስቶስ አስወጋጆች ወለሉን በላስቲክ ከሸፈኑት በኋላ ደግሞ ውስጥ የቀረ ጨርቅ፣ ምንጣፍና ወረቀት ሁሉ እንደ ተበከለ ቆሻሻ ይታሰራል። በዚያን ጊዜ ሙዚየም ቢመጣም ለራሱ ለሙዚየሙ አደጋ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ለስላሳ ዕቃና ወረቀት መውጣት ያለበት ከዚያ ሥራ በፊት ነው፤ በኋላ ማስተካከያ የለውም።

አዲስ ቢሮ ማቋቋምም አያስፈልግም። የፌዴራል ሕግ ከማፍረስ በፊት የአስቤስቶስ ምርመራ እንዲደረግና ቢያንስ ከ10 የሥራ ቀን በፊት ለአየር ጥራት ባለሥልጣን እንዲነገር ያስገድዳል። እዚህ ያ ባለሥልጣን የካውንቲው የራሱ መሥሪያ ቤት ነው። መርማሪው ናሙና ለመውሰድ ክፍል በክፍል፣ ኮሪደር በኮሪደር፣ እስከ ምድር ቤቱ ይዞራል። በዚያው ዙር አንድ ፎቶ አንሺ አብሮት ይግባ፤ ለእያንዳንዱ የክፍል ዓይነት ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ፣ ለእያንዳንዱ የሠራተኞች ቦታ ደግሞ ሁሉንም ግድግዳ ያንሳ፤ የፎቶው ቁጥር በመርማሪው የወለል ፕላን ላይ ይጻፍ። የማፍረሻ ፈቃዱ የአስቤስቶስ ወረቀቱን እንደሚጠብቅ ሁሉ ይህንንም ይጠብቅ።

ወረቀቱ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ይለይ። እዚህ ላይ የሚፈጠረው ጥፋት ክፋት የለበትም፤ ሁሉም ወረቀት በአንድ ቃል ወደ መፍጫ ስለሚላክ ነው። የእንግዶችና የቁማርተኞች የግል መረጃ በሕግ መጥፋት አለበት፤ የሒሳብና የደመወዝ መዝገብ ለተወሰነ ዓመት መቆየት አለበት፤ ከእነዚህ ውጭ ያለው፣ ማለትም የሕንጻ ንድፍ፣ የምግብ ዝርዝር፣ የትርኢት ፎቶ፣ የውስጥ ጋዜጣ፣ የሠራተኛ ማኅበር ማስታወቂያ፣ ለዩኒቨርሲቲው ልዩ ስብስብ ክፍል መቅረብ ይችላል። ሦስቱን የሚለይ አንድ የቤተ መዛግብት ባለሙያና አንድ የሆቴሉ ሰው ከተመደቡ ሥራው ያልቃል። በገንዘብ ፈንታ ቁማር የሚጫወቱበት ቺፕስም እንዲሁ፤ ካዚኖ ሲዘጋ ቺፖቹ ከሕዝብ ተገዝተው መውደም እንዳለባቸው ደንቡ ያዛል፤ ከየዋጋው አንድ አንድ በቀዳዳ ተሰርዞ ወደ ሙዚየም እንዲሄድ ተቆጣጣሪው ቢፈቅድ ምንም አይጎድልበትም።

ረጅሙ ሥራ የውጭ ሰሌዳው ነው። ብዙ የሚሰበረውም እዚያ ነውና ዘርዘር አድርገን እንጽፋለን።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ሰሌዳው የማን ነው የሚለው ነው። ሰው የሆቴሉ ሰሌዳ የሆቴሉ ይመስለዋል። ላስ ቬጋስ ውስጥ ግን ትልልቅ ሰሌዳዎችን በኪራይ መያዝ የቆየ ልማድ ነው፤ የሰሌዳ ኩባንያው ሠርቶ ይተክላል፣ ይጠግናል፣ ሆቴሉ ይከፍላል። ቤቲ ዊሊስ በ1959 የነደፈችው «ዌልካም ቱ ፋቢዩለስ ላስ ቬጋስ» የሚለው ሰሌዳ ራሱ የኩባንያ ንብረት ሆኖ ካውንቲው የተከራየው ነው። ሙዚየም ከሆቴሉ ጋር ሲነጋገር ሁለት ወር ያጠፋና በመጨረሻ ፊርማው የሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። የፈቃድ ማመልከቻው ላይ የሰሌዳው ባለቤት የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ይህ ጣጣ በመጀመሪያው ቀን ይፈታል።

ሁለተኛው፣ መብራት ሳይቆረጥ መቅረጽ ነው። የድሮ ሰሌዳ እንቅስቃሴ የሚመጣው በትንሽ ሞተር ከሚዞር፣ ካም ከሚባል ጠርዙ ወጣ ገባ ከሆነ ክብ ነው። ካሙ ሲዞር የኤሌክትሪክ መገናኛዎቹን በተራ እየገጠመና እየለቀቀ የአምፖልና የኒዮን (ጋዝ የተሞላ የብርጭቆ ቱቦ) መስመሮችን ያበራል፣ ያጠፋል። ኮከቡ ከመሐል ወደ ጫፍ የሚፈነዳ የሚመስለው፣ ፊደሉ አንድ በአንድ የሚጻፍ የሚመስለው በዚህ ነው። ኤሌክትሪኩ ከተቆረጠና ያ ሳጥን ከብረታ ብረት ጋር ከተጣለ በኋላ የትኛው መስመር ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚበራ የሚናገር ወረቀት ብዙ ጊዜ አይገኝም። ከዚያ በኋላ የሚታደስ ሰሌዳ ይበራል እንጂ የራሱን እንቅስቃሴ አይንቀሳቀስም።

አቀራረጹም ዘዴ አለው። ካሜራው በመቆሚያ ላይ ይሁን፤ ሰዓቱ ፀሐይ እንደጠለቀች ያለው ግማሽ ሰዓት ነው። ከዚያ ከጨለመ ቱቦው ነጭ ሆኖ ላሜራው አይታይም፤ ቀን ከሆነ መብራቱ አይታይም። የሹተር ፍጥነቱ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) በ1/60 ሰከንድ ይታሰር፤ የአሜሪካ መስመር 60 ኸርዝ በመሆኑ ከዚያ የፈጠነ ሹተር መብራቱን ሊያርገበግበው ይችላል። ሰሌዳው ሙሉ ዑደቱን ሦስት ጊዜ እስኪጨርስ ሳይቆረጥ ይቀረጽ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ክፍል በቅርብ። በማግስቱ ቀን በፀሐይ ብርሃን የቀለም መለኪያ ካርድ ከላሜራው አጠገብ ተይዞ ቀለሙ ይነሳ። ካሙ ያለበት ሳጥን ከነሽቦው ሙሉውን ይውጣ፤ ሽቦው ከመቆረጡ በፊት በሁለቱም ጫፍ ቁጥር ይታሰርበት።

ሦስተኛው ማውረዱ ነው። ቱቦዎቹ ከላሜራው ቀድመው በእጅ ይውረዱ። መስመሩ ተቆልፎ መጥፋቱ በመለኪያ ይረጋገጥ፤ የኒዮን ትራንስፎርመር እስከ 15,000 ቮልት ይሰጣል። እያንዳንዱ ቱቦ በመዳብ ሽቦ ከብርጭቆ መደገፊያ ጋር ታስሯል፤ ሽቦው ይፈታ እንጂ አይጎተት። ከጎማው ወይም ከሸክላው ቤት ሲወጣ ኤሌክትሮዱ (ኤሌክትሪክ የሚገባበት የቱቦው ጫፍ) ቀጥ ብሎ በዝግታ ይውጣ፤ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው ብርጭቆውና ኤሌክትሮዱ በሚገናኙበት አንገት ላይ ነው። ቁጥሩ በኤሌክትሮዱ አጠገብ በክር ይታሰር፤ ያው ቁጥር በትልቁ ፎቶ ላይ ይጻፍ። ሳጥኑ የእንጨት ሆኖ ውስጡ ስፖንጅ ይኑረው፤ ቱቦዎቹ በጎናቸው ቆመው ይደርደሩ እንጂ አንዱ በአንዱ ላይ አይተኛ። ቀይና ብርቱካናማ የሚያበራው ንጹሕ ኒዮን ነው። ሰማያዊና ብዙዎቹ ሌሎች ቀለማት የሚመጡት ከአርጎንና ከሜርኩሪ ጠብታ ነው፤ እነዚህ በተለየ ሳጥን፣ በታሸገ ላስቲክ ውስጥ፣ ሜርኩሪ ተብሎ ተጽፎባቸው ይቀመጡ። የተሰበረውን በእጅ መጥረግ ክልክል ነው። ፍሎረሰንት መብራት ካለ ከ1979 በፊት የተሠራው ባላስት (የመብራቱ ኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ) ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ኬሚካል ሊኖርበት ስለሚችል ለብቻው ይወገድ።

ያልተሰበረ ቱቦ ብዙ አሥርት ዓመታት ይሠራል። የሚሞተው ትራንስፎርመሩ፣ የከፍተኛ ቮልቴጅ ገመዱ ልባስና ሶኬቱ ነው። አሮጌው ትራንስፎርመር ለታሪክ ይቀመጥ፤ አዲስ ይተካ፤ አሮጌውን ለመሞከር መሰካት ግን ዳግም የማይገኘውን ቱቦ ያስይዛል።

ላሜራው በብሎን በተጋጠመበት ስፌት ይከፈት። ብሎኖቹ ከአንድ ቀን በፊት የዝገት ዘይት ይረጭባቸው። ኮንትራክተር ሲቸኩል በጋዝ ይቆርጣል፤ በዚህ ጊዜ ቀለሙ ይቃጠላል፣ በላሜራው ላይ የተጋገረው ኢናሜል ይሰነጠቃል፣ አሮጌው ቀለም ሊድ (እርሳስ) ሊኖርበት ስለሚችል ጭሱ ሠራተኛውን ይመርዛል። ከላይ የተበየዱት የማንሻ ቀለበቶች ፋብሪካው ያደረጋቸው ናቸውና ክሬኑ በእነሱ ያንሳ፤ ግን ከ50 ዓመት በኋላ ብየዳው ሳይመረመር አይታመንም። ከዚያ መንገዱ አለ። በኔቫዳ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚጫነው ስፋቱ እስከ 8 ጫማ ተኩል፣ ከመሬት ቁመቱ እስከ 14 ጫማ ነው። ፖል ዊሊያምስ የነደፈው፣ በ1961 የተሠራው የላ ኮንቻ ሞቴል የእንግዳ መቀበያ በ2006 ስምንት ቦታ ተቆርጦ የተጓዘው ወድደው አይደለም፤ እንዲያ ካልሆነ በመንገዱ አያልፍም ነበር። ዛሬ የኒዮን ሙዚየም መግቢያ ሆኖ ቆሟል። የጥቁር አሜሪካዊው ሊቅ ንድፍ ከመፍረስ የዳነው ለማውጣትና ለማጓጓዝ ጊዜ ስለተሰጠ ነው።

ማስቀመጫው ላይም ብዙ ይጠፋል። ሰሌዳ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ከተኛ የጁላይና የኦገስት ዝናብ ይጠራቀምበታል፤ ከውስጥ ይበሰብሳል። ዘንበል ብሎ ይቁም፣ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹ ይጠረጉ፣ የርግብ መግቢያው በወንፊት ይዘጋ። ማስቀመጫ ቦታ የለም የሚለው መልስ በስትሪፕ ላይ ከ2007 ጀምሮ ባዶ የተቀመጠ መሬት ባለበት ካውንቲ የሚያሳምን አይደለም።

ስለ አዲሶቹ ስክሪኖች አንድ ነገር ብቻ። ኒዮን ቢሰበር ስባሪው ይቀራል። የኤልኢዲ ስክሪን ሲነሳ ግን ምንም አይቀርም፤ ታሪኩ ያለው ፋይሉ ውስጥ ነው። በ2023 የተከፈተው፣ ውጩ በስክሪን የተሸፈነው ክብ አዳራሽ ስፊርና የፍሪሞንት ጎዳና ባለ ስክሪን ጣሪያ አንድ ቀን መተካታቸው አይቀርም። ከእንግዲህ ትልቅ የውጭ ስክሪን ሲፈቀድ በየዓመቱ የተመረጠ ይዘት በሙሉ ጥራቱ፣ ከፒክሰል ካርታው (እያንዳንዱ የብርሃን ነጥብ የት እንደሚያርፍ ከሚያሳየው) እና ከስክሪኑ መጠን መግለጫ ጋር ለቤተ መዛግብት እንዲገባ ይጻፍ። ፒክሰል ካርታ የሌለው ፋይል ክብ ላይ የተሣለውን ሥዕል ጠፍጣፋ ላይ አጣሞ ያሳያል።

ክቡራን ሆይ፣ እስካሁን የዘረዘርነው ስለ ዕቃ ነው። ከተማዋ ለትዝታ ስትጨነቅ ኮከብ ዘፋኞችንና ሰሌዳዎችን ታነሳለች፤ ሥራውን የሠሩትን ትዘላለች። ይህ የሚያሳስበን ለራሳችን ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹ ሳሚ ዴቪስ ጁኒየርና ናት ኪንግ ኮልን የመሰሉ ሰዎች መድረክ ላይ ተጨብጭቦላቸው በዚያው ሆቴል ማደር ተከልክለው ጥቁሮች ወደሚኖሩበት ሰፈር፣ ወደ ዌስትሳይድ ይሄዱ ነበር። ሙላን ሩዥ ጥቁርና ነጭ አብረው የሚጫወቱበት የመጀመሪያው ሆቴልና ካዚኖ ሆኖ ሜይ 1955 ተከፈተ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ተዘጋ። ማርች 1960 የስትሪፕን የዘር መለያየት ያስቀረው ስምምነት የተደረገው እዚያው ሕንጻ ውስጥ ነው። በ1971 ደግሞ ሆቴሎቹ ጥቁሮችን ከጓዳ ሥራ ውጭ እንዲቀጥሩ በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት ፈረሙ። እኛ ከ1980ዎቹ ጀምሮ መጥተን በካርታ ጠረጴዛና በእንግዳ መቀበያ የቆምነው ሌሎች በከፈቱት በር ነው። ዛሬ ከሙላን ሩዥ የቀረው ዋናው ነገር ቤቲ ዊሊስ የነደፈችው ሰሌዳ ነው፤ እሱም የቀረው በ2009 ወደ ኒዮን ሙዚየም በጊዜ ስለተወሰደ ነው።

በኋላ ኒው ፍሮንቲየር የተባለው የፍሮንቲየር ሆቴል አድማም አለ። 550 ያህል ሠራተኞች ሴፕቴምበር 21 ቀን 1991 ወጥተው እስከ 1998 መጀመሪያ፣ ስድስት ዓመት ከአራት ወር በላይ፣ ሌሊትና ቀን በር ላይ ቆሙ፤ ከአድማኞቹ አንድም ሰው መስመሩን ጥሶ አልገባም። ዛሬ የምንኖርበት የሠራተኛ ማኅበር ውልና የሕክምና ዋስትና ያለዚያ አድማ እንዲህ አይቆምም ነበር ብለን እናምናለን። ያ በር የነበረበት ቦታ ባዶ ሜዳ ነው።

ስለዚህ በ90 ቀኑ ውስጥ የሠራተኞቹ ቦታ እንደ አዳራሹ እኩል ይመዝገብ፤ የሠራተኞች መመገቢያ፣ የደንብ ልብስ መስኮት፣ የሰዓት መምቻው፣ የፈረቃ ሰሌዳው፣ የእቃ ማጠቢያው መስመር፣ የታክሲ መቆሚያው። ቃለ መጠይቅም ይደረግ። የሆቴሉ የቅጥር ቀን ዝርዝር ሠራተኛው ከመበተኑ በፊት ለማኅበሩ ቢቀርብ ረጅም ዘመን ያገለገሉትን በፈቃዳቸው ማግኘት ይቻላል፤ ከተዘጋ በሁለተኛው ወር ስልክ ተቀይሯል፣ ሰው ሌላ ግዛት ገብቷል። ቃለ መጠይቁ ሰውየው በሚያስብበት ቋንቋ ይሁን። ዕድሜውን በአማርኛ ያወቀውን ሥራ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ «ጥሩ ነበር» ብሎ ያልፈዋል፤ በአማርኛ ሲጠየቅ የወጥ ቤቱን አለቃ ጠባይ፣ የአልጋ ልብሱን አጣጠፍ፣ በቀን የሚጸዳውን ክፍል ብዛትና ስለ እሱ የተደረገውን ክርክር ያወጣዋል። ለስፓኒሽና ለታጋሎግ ተናጋሪዎችም እንዲሁ ነው። ጸጥ ያለ ክፍል፣ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ማይክሮፎን፣ ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል፣ ከመጀመሩ በፊት የሚፈረም የፈቃድ ወረቀት፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል የማይበልጥ ቆይታ። ቅጂው ለተናጋሪው ይሰጥ።

ወጪውን በተመለከተ የምናቀርበው ይህን ነው። አፍራሹ ባለንብረት ፈቃድ ሲጠይቅ ገንዘብ በዋስትና ያስይዝ፤ መጠኑን በሕንጻው ስፋት ልክ እናንተ ወስኑ። የፎቶው መዝገብ፣ የወረቀቱ ርክክብና የሰሌዳው ማውረጃ ማስረጃ ሲቀርብ ዋስትናው በሙሉ ይመለስ፤ ካልቀረበ ለቤተ መዛግብቱ ይግባ። ዱንስ በ1993 ሲወድቅ የትሬዠር አይላንድ መርከብ መድፍ ምልክት ሰጥታ፣ ርችት ሰማዩን ሞልቶ ነበር። ሃሲየንዳ በ1996 የዘመን መለወጫ ዋዜማ በቴሌቪዥን እየታየ ፈረሰ። ለስንብቱ ድግስ ገንዘብ የማያጣ ባለንብረት ለእንጨት ሳጥንና ለአንድ ካሜራ አያጣም። ፍርስራሹ ከተጠረገ በኋላ የምናሰማው ቁጭት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ለራሳችን ወገኖችም አንድ ማሳሰቢያ። ካውንቲው ለሰፈራችን ሊትል ኢትዮጵያ የሚል ስያሜ ሰጥቶናል፤ እናመሰግናለን። ስያሜው ግን ኪራይ አይከፍልም። ምግብ ቤቶቻችንና ሱቆቻችን ያሉት በተከራየነው የገበያ መደዳ ነው፤ ውል ሲያልቅ የአማርኛው ሰሌዳ በአንድ ከሰዓት ይወርድና ወደ ቆሻሻ ገንዳ ይገባል። የላስቲክ ፊት ያለው ሰሌዳ ፊቱ በአራት ብሎን ይወጣል፤ ለመጠቅለልም ቦታ አይፈጅም። ቤታችሁን ስትቀይሩ ፊቱን አውጡና አስቀምጡ፤ ጀርባው ላይ የቤቱን አድራሻና የተከፈተበትንና የተዘጋበትን ዓመት በማይጠፋ ቀለም ጻፉ። የመጀመሪያውን የምግብ ዝርዝርና የንግድ ፈቃድ ቅጂም አትጣሉ።

ክቡራትና ክቡራን፣ የምንጠይቀው ደንብ ቢወጣ መጀመሪያ የሚመለከተው ማንም አሮጌ ብሎ የማይጠራቸውን ነው። ኤክስካሊበር የተከፈተው በ1990 ነው። ሉክሶር፣ ትሬዠር አይላንድና አሁን ያለው ኤምጂኤም ግራንድ በ1993። ሰሌዳቸውን የተከሉት፣ ሽቦአቸውን የዘረጉት፣ የመጀመሪያዋን ሌሊት የሠሩት ሰዎች ብዙዎቹ በሕይወት አሉ፤ አንዳንዶቹ ዛሬ ማታም ፈረቃ ይገባሉ። ጉዳዩን በቅርቡ በሚደረገው የሕዝብ ስብሰባ አጀንዳ ላይ እንድታስገቡልን እንጠይቃለን። እኛ በበኩላችን የአማርኛውን ቃለ መጠይቅ የሚያደርጉና የሚተረጉሙ፣ ቱቦ ማውረድና ሽቦ መቁጠር የሚችሉ ሰዎችን ያለ ክፍያ እናቀርባለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በላስ ቬጋስ በሆቴል፣ በታክሲ፣ በመብራትና በሰሌዳ ጥገና ሥራ ላይ ያለን ኢትዮጵያውያን